ማሽኑ ታቦት አያውቅም

ወደብ በሌላት ሀገር የወደብ ባለሙያ ነኝ። ይህን ስናገር የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ድሮ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ተቀምጬ መርከብ እከታተላለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ከታች ጭቃው ሰዉን ያንሸራትተዋል፤ እኔ ታብሌቴን ከፍቼ ማዳበሪያ የጫነች አንዲት መርከብ ቀይ ባሕር ላይ የት እንደደረሰች አያለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እኔን የጠማኝ ባሕሩ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ጎረቤት ሀገር፣ ወደብ ላይ፣ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ተቀጥሬ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ስደርስ ያየሁት ወደብ ሲኦል ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ማዳበሪያው ከመርከቧ ሆድ እየተዛቀ ሲራገፍ አቧራው ዓይን ያጠፋል፤ ገሚሱ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፣ ገሚሱ ሳንባችን ውስጥ። መርከቦቹ ቆመውም ሞተራቸው አይጠፋም፤ ጭሳቸው ከሙቀቱ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። በሩ ላይ ደግሞ የእኛ ሀገር መኪኖች ሰልፍ ነው። ሾፌሮቹ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፈው አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተራ ይጠብቃሉ። እዚያ ሰልፍ ላይ እያሉ ልጅ የተወለደላቸውን፣ እናት የተቀበረችባቸውን ሾፌሮች አውቃለሁ።

ይኸ ሁሉ ዓይኔ እያየ ተለወጠ። ክሬኖቹ በኤሌክትሪክ ሆኑ። መርከብ ወደብ ስትይዝ ሞተሯን አጥፍታ ከየብስ በተዘረጋ ወፍራም ገመድ መብራት መውሰድ ጀመረች። ማዳበሪያው በተሸፈነ ማጓጓዣ እየወረደ እዚያው በከረጢት ይሞላል፤ አቧራው ቀነሰ፣ ከአቧራው ጋር የሸሹት ወፎችም ተመልሰው የመብራት እንጨቱ ላይ መስፈር ጀመሩ። እኔን ከሁሉም የማረከኝ ግን የመኪኖቹ ነገር ነበር። እያንዳንዱ መኪና ወደቡ በር የሚደርስበት ሰዓት በስልኩ ይነገረዋል፤ ከዚያ በፊት መምጣት የለም፣ ከዚያ በኋላም የለም። በሩ ታርጋውን ራሱ አንብቦ ይከፈታል። ሰልፉ ጠፋ። አንድ ቀን በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ብቻዬን ቆሜ፣ ይህን ነገር ሀገሬ ወስጄ አባቴን ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ። ምኞቴ ደረሰ።

ወደ ጎጃም የተመለስኩት ይኸው የመኪኖቹን ሰዓት የሚቆርጠው ሲስተም እስከ ገጠር መጋዘን ድረስ እንዲዘረጋ በተወሰነበት ዓመት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መኪናው ወደቡ ላይ የሚጭንበት ብቻ ሳይሆን የእኛ ቀበሌ መጋዘን ደርሶ የሚያራግፍበት ሰዓትም አስቀድሞ ይቆረጣል። በሰዓቱ ካልተራገፈ ሲስተሙ መኪናውን ወደሚቀጥለው መጋዘን ያዞረዋል። ጨካኝ ይመስላል እንጂ ምክንያት አለው፤ እዚህ አንድ ቀን የቆመ መኪና እዚያ አንዲት መርከብ ያስጠብቃል፣ የምትጠብቅ መርከብ ደግሞ ቦታ ትይዛለች፣ ነዳጅ ታቃጥላለች። ይህን ለአባቴ ያስረዳኋቸው አምበር አጠገብ ባለው መንደራችን፣ የማኅበሩ መጋዘን በረንዳ ላይ ነበር። አባቴ የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ፣ ቀጥሎ እርሻ የያዙ፣ የማኅበሩን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙ ሰው ናቸው። በጥሞና ሰሙኝና፣

«ያን ሁሉ ውሃ አንድ ሰው እንኳ አይጠጣውም?» አሉ።

«ጨው ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ ይኸን ያህል መልፋታችሁ ለማዳበሪያው ነዋ» አሉና ሳቁ። ከዚያ አባላቱን ሰብስበው፣ ልጄ ያመጣው ነው፣ ከልጄ የመጣ ነገር አይጎዳንም ብለው አስወሰኑ። ስምምነቱ ላይ ማኅተሙን ያሳረፉት በእኔ ፊት ነው።

አሁን የማልወደውን ልናገር። የመጋዘኖቹን መረጃ ሲስተሙ ውስጥ የሞላሁት እኔ ነኝ። የበሩ ስፋት፣ የሚይዘው ከረጢት፣ የመንገዱ ዓይነት፣ ክረምት ላይ ከባድ መኪና ያስገባል ወይ፤ ሁሉንም ይጠይቃል። ከሁሉም ታች አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ መጋዘኑ ጭነት የማይቀበልባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው፣ ምክንያቱስ? እጄን አነሳሁና መቁጠር ጀመርኩ። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ። እሑድ አለ፣ ቅዳሜም አለ። መንደራችን ውስጥ ማዳበሪያ የሚያወርድ ተቀጣሪ የለም፤ አባላቱ ራሳቸው በተራ በትከሻቸው ነው የሚያወርዱት፣ እነሱ ደግሞ በእነዚህ ቀናት ከባድ ሥራ አይነኩም። የወሩ ግማሽ ማለት ነው።

ይህን ብጽፍ ዋናው ቢሮ ያሉት ልጆች ምን እንደሚሉ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሠሩት?» ይኸን ቀልድ ወደቡ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ስቄአለሁም፤ ከሌላው አስበልጬ ነበር የምስቀው፣ ከየት እንደመጣሁ እንዳይታወቅብኝ። ስለዚህ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ጻፍኩና ላክሁት። አምስት ቀን። እንደ ማንኛውም የሠለጠነ መጋዘን።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሦስት መኪኖች ከወደቡ ለመንደራችን ተነሡ። ታብሌቴ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆነው አየኋቸው፤ የሚደርሱበት ቀን ከጎናቸው ተጽፏል። በእኛ ቆጠራ ስመልሰው ሰኔ አሥራ ሁለት ነው። የሰኔ ሚካኤል ደግሞ እንደሌሎቹ ወርኃዊ በዓላት አይደለም፣ የደብራችን ንግሥ ነው። ያን ጊዜ ደውዬ አንድ ነገር ማድረግ እችል ነበር። አላደረግኩም። መኪናው በር ላይ ሲቆም ሰዉ ይለሳለሳል፣ ማዳበሪያ አይደለም እንዴ፣ ይወርዳል አልኩ። ለራሴ የነገርኩት ይኸን ነው።

ለበዓሉ ወደ መንደር ወረድኩ። መኪኖቹ የደረሱት ረፋዱ ላይ፣ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሜዳው ላይ እልል እያለ ሳለ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ወንዱ ሁሉ ነጭ እንደለበሰ መጋዘኑ በር ላይ ተሰበሰበና ተሳቢዎቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው። የነካ ግን የለም። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በዚህ ቀን ሲያርስ ተገኝቶ በዚያው ሳምንት በረዶ ወርዶ የቀበሌውን ባቄላ አውድሞታል። ያን ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው በሬዎቹን ከቀንበር ያስፈቱት፣ ቅጣት የጣሉበትም አባቴ ነበሩ። መሪጌታው ተጠየቁ። «በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል፣ ችግር ከሆነ አውርዱ» አሉ። ሰዉ ግን አባቴን ነው የሚያየው።

«እኔ ሰው ቀጥቼ ዛሬ ለራሴ ሲሆን ላፈርሰው?» አሉ አባቴ። «ነገ ጎሕ ሳይቀድ እናወርዳለን።» ወደ ሾፌሩ ዞሩ፤ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጠው ነበር። «ወንድሜ፣ አንድ ሌሊት እደሩልን። ቤት አለ፣ የሚበላ የሚጠጣ አለ።»

ሾፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። «አባት፣ በእኔ ቢሆን በደስታ ነበር። ይኸው ይዩት» ብሎ ስልኩን አሳያቸው። «እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተራገፈ ወደ ቀጣዩ ሂድ ይለኛል። እምቢ ካልኩ ወደቡ በር ላይ ተራዬ ይቃጠላል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚልህ? ስልኩን ስጠኝና እኔ ላናግረው።»

«ሰው አይደለም አባት። ሲስተሙ ነው።» ቀጥሎም እንዳይቀየሙት የፈለገ ይመስል፣ «ክፉ ነገር አይደለም እኮ፤ ድሮ ከወር ወር ልጆቼን አላይም ነበር፣ አሁን በየሳምንቱ ቤቴ ገብቼ እወጣለሁ» አላቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የምታውቀው ነገር ነው። ንገረው እንጂ።»

ከመጋዘኑ ጀርባ ሄድኩና የቢሮ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ወጣት ነው፣ ከእኔ የሚያንስ፣ ትሑት ልጅ። «ዝግ ነው ብለህ ብታስመዘግብ ኖሮ ጭነቱ በዚያ ቀን ባልመጣ ነበር» አለኝ። «ሲስተሙ እኮ ይጠይቃል። ለምን አላስመዘገብከውም?» አሁን ማስመዝገብ ይቻላል ወይ ስለው፣ መንገድ ላይ ላለ ጭነት አይሠራም፣ ለሚቀጥለው ነው አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ተመለስኩ። አባቴ፣ ሾፌሮቹ፣ ያ ሁሉ ሰው አፌን ይጠብቃል።

«አይሰማም፣ አባባ» አልኳቸው።

«ማሽኑ ታቦት አያውቅም ማለት ነው» አሉ አባቴ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ በሰዉ መካከል ዞረ፤ እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ ያለው ይኸንኑ ነው። ሾፌሮቹ ቤታችን ገብተው በሉ፣ ጠላ ቀምሰው መረቁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ የታብሌቴ ነጥቦች ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተቀየሩና ሦስቱም መኪኖች ወደ ማርቆስ አቅጣጫ ተንቀሳቀሱ። ከማርቆስ ማዶ፣ አማኑኤል በኩል ባለ የከተማ መጋዘን በቀን ሠራተኛ ተራገፉ። እዚያም የሰኔ ሚካኤል ነበር።

ለእኛ ሌላ ጭነት እስኪመጣ ድረስ አንዴ መርከብ ዘገየች፣ አንዴ መንገድ ተዘጋ። የደረሰው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። የስንዴው ጊዜ ጠብቆ አያውቅም። ገሚሱ ያለ ማዳበሪያ ዘራ፣ ገሚሱ የባለፈውን ዓመት ትራፊ እንደ ጨው በተነ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ማሳችን መካከል ስሄድ ስንዴው ቢጫ ነበር፣ የበሰለ ቢጫ ሳይሆን የታመመ ቢጫ፤ አገዳው ከጉልበቴ አያልፍም። አባቴ አንዲት ዘለላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሽተው ተመለከቱና ገለባውን እፍ አሉት። የቀረው ፍሬ ጥቂት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ተሰብስቦ ሲያበቃ ማኅበሩ ጉባኤ ጠራ። ከማርቆስ ሄጄ አባቴ አጠገብ፣ የፊቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ ቆጥቦ አልተናገረም። ያ በሬዎቹ የተፈቱበት ሰው ተነሣና፣ «እኔን በሚካኤል ቀጡኝ፤ እሺ፣ ጥፋቴ ነበር። እርስዎ ግን ታቦት የማያውቅ ማሽን በማኅተም አጽድቀው ቤታችን አስገቡ። ቅጣቱን ሁላችንም ከፈልን» አላቸው። ጉርምርምታ ሆነ። ሌላው ደግሞ ልጃቸው እንዲሾም ብለው ነው አለ። ይኼኔ አባቴ ተነሡ።

«በልጄ አትምጡ» አሉ። «ልጄ ምን ያድርግ? ለምኖት ነበር፣ ሲመለስ ያለውን በጆሯችሁ ሰምታችኋል። ማሽን ነው፣ አይሰማም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ አተምኩ።» መሐረቡን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ማኅተሙን ከመሐረቡ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ መሐረቡን አጣጥፈው መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ተቀመጡ። ትከሻቸው ትከሻዬን ነክቶ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፤ ሲስተሙ ጠይቆኝ ነበር፣ ያልመለስኩት እኔ ነኝ። አፌ ውስጥ ነበረች። ዋጥኳት። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኔን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ያቺን ጥያቄ ከፈትኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በዓላቱን አንድ በአንድ፣ ቀናቸውን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየመለስኩ፣ ምክንያቱንም በአማርኛ እየጻፍኩ ሞላሁ። ዋናው ቢሮ ያሉት ልጆች ይስቃሉ ብዬ ላቤ ይወርድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ። «ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ምናልባት አንብቦ የተገረመም የለ። ይህን ለምን ለአባቴ አልነገርካቸውም ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ አሁን ተስተካከለ ማለት ያኔ ሊስተካከል ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ አስተካከልኩት፣ ዝም ብዬም ጠበቅኩ።

መንደሩ ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አዲሱ ኮሚቴ አንድ ውሳኔ አሳለፈ፤ ከእንግዲህ በማዳበሪያ ወቅት በዓል ይሁን አይሁን መጋዘኑ በር ላይ የሚያወርድ ሰው አይጠፋም። በእያንዳንዱ በዓል ማን እንደሚጠብቅ ተደለደለ። ማርያምን የያዘ ተገኘ፣ ገብርኤልን የያዘ ተገኘ። የሰኔ ሚካኤልን የሚይዝ ጠፋ። ማን ከደብሩ ንግሥ ቀርቶ ከረጢት ሊሸከም? በመጨረሻ ከኋላ ወንበር የአባቴ ድምፅ ተሰማ አሉ። «ሚካኤልን እኔ እይዛለሁ።» መሪጌታው ዘንድ ሄደው ፈቃድ ለምነዋል፣ ንስሐም ተቀብለዋል። ይህን የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ በስልክ ነው፤ እሱና ሁለት ጎረቤቶቻችን አብረዋቸው ሊያወርዱ ተስማምተው ነበር።

ሰኔ ደረሰ። ጭነታችን ከሚካኤል በኋላ፣ ሰኔ አሥራ ስምንት እንደሚደርስ ታብሌቱ ላይ ይታየኛል። አባቴ ጋ ደወልኩ። «ከበዓሉ በኋላ ነው የሚመጣው፣ አባባ፤ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይመስለኛል።»

«አምናም በማግሥቱ ይወርዳል ብሎኝ ነበር ልቤ» አሉ። «ይመስለኛል ከሆነ እጠብቃለሁ።»

እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። እርግጠኛ ከሆንኩ ግን እንዴት ብለው ይጠይቃሉ። ስልኩን ዘጋሁት።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት በሚኒባስ አምበር ደረስኩና ከዚያ በእግሬ ወደ መንደር ገባሁ። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ደብሩ ስደርስ ታቦቱ ወጥቶ፣ ካህናቱ እያሸበሸቡ፣ ሜዳው ነጭ በነጭ ሆኗል። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ዓይኔ አባቴን ይፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹ የሚቆሙበትን ዋርካ ሥር አየሁ፣ ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ቦታ ቀርተው አያውቁም፤ ታመው እንኳ በቃሬዛ የመጡበት ዓመት አለ። የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንደማያውቅ ሰው ትንሽ ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ ቁልቁል ወደ መጋዘኑ ወረድኩ።

አባቴ በሩ ላይ ባዶ ከረጢት አንጥፈው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። ወንድሜና ሁለቱ ጎረቤቶች ራቅ ብለው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመዋል፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር ወደ ደብሩ ይመለከታሉ። የመኪናው መንገድ ባዶ ነው።

«ምነው ከታቦቱ ቀረህ?» አሉኝ አባቴ።

«እርስዎን ብዬ ነው።»

«እኔማ ሥራ ላይ ነኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር ጣታቸው አብሮ ሲመታ አየሁት። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ዛሬ አይመጣም።»

«ባይመጣ ደግ። ቢመጣስ?»

«አይመጣም። ዛሬ ዝግ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ።»

«ለማን?»

ታብሌቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈትኩትና ሰጠኋቸው። እንደ ዳዊት መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት። «መጋዘኑ ዝግ ነው። ምክንያት፣ የሚካኤል ንግሥ።» ሁለተኛ አነበቡት። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ወደቡ ያወራሁላቸው ነገር ሁሉ እንዲህ አላስደነቃቸውም።

«መነገር ይችላል ማለት ነው?» አሉ።

«ይችላል።»

«መቼ ነገርከው?»

«ታኅሣሥ ላይ። ከጉባኤው በማግሥቱ።»

ምን እያሰቡ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እየቆጠሩ ነው። «አምናስ?» አሉ። «አምናስ ይሰማ ነበር?»

«ገና ስጀምር ራሱ ጠይቆኝ ነበር። መቼ መቼ ነው የማትቀበሉት ብሎ። አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

«በማን?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። መልሱ ግን አጠገቤ፣ ባዶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ነበር። አቀረቀርኩ። አባቴ ታብሌቱን መለሱልኝ፣ እንዳይወድቅ እጄ ላይ በደንብ አስይዘው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ወንድሜንና ጎረቤቶቹን ጠሩ።

«ዛሬ አይመጣም ተብሏል። ሂዱ፣ ታቦቱን ድረሱበት» አሏቸው።

«ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ ወንድሜ።

አባቴ ወደ እኔ አላዩም። «ማሽኑ» አሉት።

ሦስቱ እየሮጡ ዳገቱን ወጡ። አባቴ በሩን ቆለፉ፣ ጋቢያቸውን ከሚስማሩ አውርደው አጣፉና ዱላቸውን እየተደገፉ ተከተሏቸው። እኔ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ፤ ልደግፋቸው ብፈልግም አልቀረብኩም። ዳገቱ መካከል ላይ እልልታው ጨመረ፣ ቀጥሎ ከበሮው ዝም አለ። አባቴ ዝምታውን ሰምተው ቆሙ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስንደርስ ታቦቱ ገብቶ፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ እየተበተነ ነበር፤ የሚያውቋቸው ሁሉ እንኳን አደረሰዎ እያሉ ያልፏቸዋል፣ እሳቸውም እንኳን አብሮ አደረሰን እያሉ ይመልሳሉ። የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳለሙና ግንባራቸውን እዚያው እንጨቱ ላይ አሳርፈው ረዥም ጊዜ ቆዩ። እኔ ታብሌቱን በብብቴ ይዤ ከአጥሩ ውጭ ጠበቅኳቸው።